ጉዞውን በልጅሽ ልክ ስፊው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጃችን 2 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ የሚሮጥበት ቦታ ኮሪደሩ ብቻ ነው። ባለቤቴ ለኅዳር የሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቶ "ወንዶ ገነት ጫካው ውስጥ ካለ ሪዞርት ይዘነው እንሂድ" ይላል። አማቴ ደግሞ "ሕፃን ይዞ ጫካ? ወባ አለ፣ ምች አለ፣ ዝንጀሮ አለ። ደግሞስ አድጎ ላያስታውሰው!" ብለው ተቆጡ። ፍልውሃው ለሕፃን ይሆናል? መንገዱስ አይከብደውም? ምን ይመክሩኛል?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ እህቴ፣ ሂዱ። አማትሽ ግን ዝም ብለው አልፈሩም። ከጠሯቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱ እኔንም አጋጥመውኛል።

ሴት ልጄን ወንዶ ገነት የወሰድኳት ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ለሁለት ቀን ያላሰብኩት ነገር አልነበረም። ፍልውሃ፣ ተራራ መውጣት፣ ሐዋሳ ወርዶ ዓሣ መብላት። እሷ ግን ካረፍንበት ጎጆ ፊት ለፊት ከሚያልፈው ትንሽ ቦይ አልነቀልም አለች። ቅጠል ትጥላለች፣ ውሃው ሲወስደው እየሮጠች ትከተላለች፣ ተመልሳ ሌላ ትጥላለች። ጠዋቱን ሙሉ። እኔ "ነይ እንጂ፣ መኪናው እየጠበቀን ነው" እያልኩ እጇን ይዤ ጎተትኳት። አለቀሰች። ሐዋሳ እስክንደርስ አለቀሰች። ዓሣው አልጣመኝም፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ጉዞውን በልጅሽ ልክ ስፊው። በቀን አንድ ነገር ይበቃዋል። ሐዋሳን ተዉት። የቀን እንቅልፉን አትንኩበት። ከጎጇችሁ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ያለው ሁሉ ለእሱ አዲስ አገር ነው።

መንገዱ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት ላይ 12 ሰዓት ተነሱ፤ መቂ እስክትደርሱ ይተኛል። ጭንሽ ላይ አትያዢው። ድንገት ፍሬን ሲያዝ የማንም ክንድ ልጅ አይችልም። የልጅ መቀመጫ ተዋሱም ግዙም፣ ይኑራችሁ። ስልክ አትስጪው፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ያስመልሰዋል። ባቱ ላይ ቁርስ ብሉ፣ ይፍታታ። ቡልቡላን አልፋችሁ አብያታ ሻላ ፓርክ በር ላይ ደግሞ ቁሙ። እዚያ ሰጎን አለ። ልጄ ሰጎኑን ስታይ "ትልቁ ዶሮ!" ብላ የጮኸችው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሻሸመኔ ያለ ሰው ደውለሽ ጠይቂ፤ ሲመሽም አትንዱ። ከብትና ጋሪ በጨለማ አይታይም።

ጫካው ውስጥ ጉሬዛ ታያላችሁ። ጥቁርና ነጭ፣ ጭራው ረጅም። ቅጠል በሊታ ስለሆነ ከዛፍ ላይ ብዙም አይወርድም፤ ሰውም አይተናኮልም። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ካያችሁት ልጅሽን አንሺና አሳዪው። አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ንገሪው፤ ጎህ ሲቀድ ጉሬዛዎች ያጓራሉ። የማያውቅ ሰው አንበሳ ይመስለዋል። የእኔዋ ደንግጣ አልጋዬ ውስጥ ገባች።

ጦጣና ዝንጀሮ ሌላ ነገር ነው። ሰው ስለለመዱ አይፈሩም። አንዷ ጦጣ ከልጄ እጅ ሙዝ ነጥቃት ሄደች። አልቧጨረቻትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅሽ ውጭ ምግብ በእጁ አይያዝ። አትመግቧቸው፣ በርና መስኮት ዝጉ። ቢነክሱት ወይም ቢቧጭሩት ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ሐዋሳ ሆስፒታል ውሰዱት። ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት፤ የእብድ ውሻ በሽታ በዚህም ይመጣል፤ ክትባቱ በጊዜ መጀመር አለበት።

ፍልውሃው ምንጩ ላይ እንቁላልና ድንች ይቀቀልበታል። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ? ልጁን ወደዚያ አታስጠጉት። መዋኛው ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ለሕፃን ሙቀቱ ይበዛል፣ ጥልቀቱም አይሆንም። እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ከቤት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዤ ሄጄ ነበር። ከውሃው ቀድቼ፣ አብርጄ፣ በክርኔ ለካሁና ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። ከዚያ በኋላ ውጪ ብላት እምቢ። ውሃ ዳር ስትሆኑ ደግሞ ከሁለታችሁ አንዳችሁ እጁ ልጁ ላይ የሚደርስ ይሁን፣ ስልክ ሳይነካ። ልጅ ሲሰምጥ አይጮኽም።

አሁን ወደ ወባው። ወንዶ ገነት ከ2,000 ሜትር በታች ነው፣ ኅዳር ደግሞ የወባ ወቅት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የልጁን ሐኪም አማክሩ። ሪዞርቱን ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት "አልጋው አጎበር አለው ወይ?" ይሁን። ከሌለው የራሳችሁን ያዙ፣ ጫፉን ፍራሽ ሥር አስገቡ። ፀሐይ ስትገባ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ ይልበስ።

እኔ አጎበሩን ዘርግቼ ነበር። ግን ማታ ማታ በረንዳ ላይ በባዶ እግሯ ስትጫወት ዝም አልኳት። ከተመለስን በ12ኛው ቀን አተኮሳት። ጉንፋን መሰለኝ። ክሊኒክ ወሰድኳት፣ የት ነበራችሁ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሽሮፕ ተሰጠን። በሦስተኛው ቀን ስትንቀጠቀጥ ነው ትዝ ያለኝ። ደሟ ሲታይ ወባ ነው። መድኃኒቱን ጀምራ ዳነች። የዚያን ሌሊት ፍርሃት ግን ለማንም አልመኝም። ወባ ከተነከሱ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው የሚነሳው፤ ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት ወራትም ሊቆይ ይችላል። ልጅሽን ከተመለሳችሁ በኋላ ካተኮሰው በዚያው ቀን ውሰጂውና ሳይጠይቁሽ "ወንዶ ገነት ነበርን" በይ።

ስለ ምች ከአማትሽ ጋር አልከራከርም። እናት ናቸው፣ ልጅ አሳድገዋል። ኮፍያና ሹራብ ያዢ፣ ከውሃ ሲወጣ ጭንቅላቱን አድርቀሽ ሸፍኚው። ዳማከሴ ልስጥሽ ካሉሽም ተቀብለሽ ያዢ፣ ደስ ይላቸዋል። ባይሆን እሳቸውንስ ለምን አትወስዷቸውም? የቀን እንቅልፉን እሳቸው ሲጠብቁለት አንቺና ባለቤትሽ ዛፎቹ ሥር ትንሽ ትራመዳላችሁ።

አያስታውሰውም ያሉት ልክ ነው። ልጄ አሁን 9 ዓመቷ ነው፤ ወንዶ ገነትን አታስታውስም። ሰጎኑንም፣ ጦጣዋንም አታስታውስም። ግን ያኔ ከተመለስን በኋላ ለሳምንታት፣ ማታ ልብስ ሳጥብ፣ ከበረንዳው የጤና አዳም ቅጠል እየቀነጠሰች ሳፋው ውስጥ ትጥልና "ሂድ፣ ሂድ" ትለው ነበር። አባቷም አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ በእጁ ውሃውን ያንቀሳቅስላታል። ከዚያ በፊት እሱ ከሥራ የሚገባው እሷ ከተኛች በኋላ ነበር።

መልካም መንገድ። ሳፋውን እንዳትረሺ።