የአንባቢያን ጥያቄ፦ 2 ጎል የግድ ነው

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እኔና ጓደኞቼ ኳስ የምናየው ሰፈራችን ባለች ዲኤስቲቪ ቤት ነው፣ እና አንድ ጨዋታ አለን። የሁለቱም ቡድን ጎል ፕራይም ነምበር ሆኖ ድምሩም ፕራይም የሚሆንበትን ውጤት ቀድሞ የገመተ ማኪያቶ ይጋበዛል። ግን ሁሌ የሚወጣው 3 ለ 2 ነው፣ ሌላ የለም እንዴ? ደሞ አንዱ ጓደኛችን 1ም ፕራይም ስለሆነ 2 ለ 1 ይቆጠርልኝ እያለ አስቸገረን። ፍረዱን።

መልስ፦ መጀመሪያ ክርክሩን እንጨርስ ወንድሜ፣ 1 ፕራይም አይደለም። ፕራይም ማለት ከ1 የሚበልጥ ሆኖ በ1 እና በራሱ ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር ነው፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይሄዳል። 1ን ለምን አስወጡት ካልክ፣ 12ን በፕራይም ስትበትነው 2×2×3 ነው የምታገኘው፣ ቅደም ተከተሉን ብትቀያይር እንጂ ሌላ መበተኛ የለውም። 1ን ካስገባህ ግን 1×2×2×3 ትላለህ፣ 1×1×2×2×3 ትላለህ፣ ማብቂያ የለውም። ማንኛውም ቁጥር በፕራይም የሚበተነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚለው ሕግ ደግሞ የቁጥር ትምህርት ሁሉ የቆመበት ስለሆነ ለ2 ለ 1 ተብሎ አይፈርስም፣ ጓደኛችሁ ማኪያቶውን ራሱ ይክፈል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከ2 በስተቀር ፕራይም ሁሉ ጎዶሎ ቁጥር ነው፣ ጎዶሎና ጎዶሎ ሲደመር ደግሞ ሁሌም ለሁለት የሚካፈል ይሆናል። 5 ለ 3 ብታስገቡ ድምሩ 8 ነው፣ 7 ለ 3 ብታስገቡ 10 ነው፣ በቃ ወደቃችሁ። ስለዚህ በእናንተ ጨዋታ ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ የግድ በትክክል 2 ጎል ማግባት አለበት፣ ይሄን ካወቅክ ከጓደኞችህ ቀድመሃል። ሌላኛው ቡድን ያገባው ደግሞ 2 ሲጨመርበት ፕራይም መሆን አለበት፣ 3 ይሆናል፣ 5 ይሆናል፣ 7 አይሆንም ምክንያቱም 9 ይመጣል፣ ከዛ 11 ነው፣ 11 ለ 2 የሚያልቅ ኳስ ደግሞ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለህ አትጠብቅም። የቀሩህ 3 ለ 2 እና 5 ለ 2 ናቸው። በዓለም ዋንጫ ከ1930 እስከ 2022 ዋንጫውን በወሰኑት 22 ጨዋታዎች ውስጥ ይሄ የሆነው ሦስቴ ነው፦ በ1954 ምዕራብ ጀርመን ሀንጋሪን 3 ለ 2፣ በ1958 ብራዚል ስዊድንን 5 ለ 2፣ በ1986 የማራዶናዋ አርጀንቲና ምዕራብ ጀርመንን 3 ለ 2።

ጨዋታው ከሰለቻችሁ ሌላ ልስጣችሁ፣ ውጤቱን አጠጋግታችሁ እንደ አንድ ቁጥር አንብቡት፣ ከዛ ገልብጣችሁ አንብቡት፣ ሁለቱም ፕራይም ከሆነ ነጥብ አለው። 3 ለ 1 ይሠራል፣ 31ም 13ም ፕራይም ናቸው። ጀርመን በ2014 ብራዚልን በሜዳዋ 7 ለ 1 ያደረገችበት ምሽት ይሠራል፣ 71 እና 17። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የ1960ውን የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ነው፣ ግላስጎው ላይ ሪያል ማድሪድ አይንትራኽት ፍራንክፈርትን 7 ለ 3፣ ፑሽካሽ 4 ዲ ስቴፋኖ 3 አግብተው፣ 73 እና 37፣ ሁለቱም ፕራይም!

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የኛስ 4 ለ 2? ግብፅን አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ የበላንበት ውጤት በቁጥር ዓይን ምንም የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ካየሽ እውነት ነው እህቴ፣ 4 ፕራይም አይደለም፣ ድምሩ 6 አይደለም፣ 42ም 24ም አይደሉም። ግን ጨዋታውን ጎል በጎል ተከተዪው። በኛ አቆጣጠር ጥር 1954 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ፣ ግብፅ ቀደመች 0 ለ 1፣ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፣ ግብፅ ወዲያው መልሳ መራች፣ ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገውና ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተገባ። እዛ ላይ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን ሲያገባ ውጤቱ 3 ለ 2 ነበር፣ 3 ፕራይም፣ 2 ፕራይም፣ 5 ፕራይም፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን እስኪያገባ ድረስ ቦርዱ ላይ የነበረው የሀዋሳዎቹ ውጤት ነው። 4 ለ 2 የሚያልቅ ጨዋታ ጎሎቹ ሊገቡ የሚችሉበት ቅደም ተከተል 15 ነው፣ ሁለቴ ተመርቶ ሁለቴ አቻ ሆኖ ከዛ ማሸነፍ ከ15ቱ አንዱ ብቻ ነው፣ የኛዎቹ የመጡት በዛ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ልጄ የአሜሪካን ፉትቦል ይወዳል። በ7 እና በ3 ብቻ እየደመርክ ልትደርስበት የማትችለው ትልቁ ነጥብ ስንት ነው ብሎ ያዘኝ።

መልስ፦ 11 ነው፣ እሱም ፕራይም ነው። 12 አራት ጊዜ 3 ነው፣ 13 አንድ 7 እና ሁለት 3፣ 14 ሁለት 7፣ ከዛ በላይ ያለው ሁሉ በነዚህ በሦስቱ ላይ 3 እየጨመርክ ይገኛል። ከ11 በታች የማይደረስባቸው 1፣ 2፣ 4፣ 5 እና 8 ናቸው። ልጁ ጎበዝ ከሆነ 2 ነጥብ የሚያሰጠውን ሴፍቲ አምጥቶ ያፈርስብሃል፣ አስቀድመህ «7 እና 3 ብቻ» አስብለው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ኳስ አላይም። የአገሬን ልጅ የአበበ ቢቂላን ቁጥሮች ንገሩኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሄን ጥያቄ ስላመጡልን እናመሰግናለን። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ደረቱ ላይ የነበረው 11 ነው፣ በ1964 ቶኪዮ 17፣ ሁለቱም ፕራይም፣ ሁለቱም ወርቅ። በ1968 ሜክሲኮ የክብር ብለው 1 ቁጥርን ሰጡት፣ 1 ደግሞ ከላይ እንዳልነው ፕራይም አይደለም፣ እግሩ ታሞ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፣ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው።

ሰዓቱንም ይዩልኝ። ቶኪዮ የገባው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ነው፣ ከሴኮንድ በታች ያለችውን ትተን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስንጽፋቸው 21211 ይሆናል። ፕራይም ነው? ከሱ በ1 የሚያንሰው ጎረቤቱ 21210 በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በ101 ይካፈላል፣ ስለዚህ 21211 ለአምስቱም አንድ አንድ ቀሪ ይተዋል፣ አምስቱን በአንድ ጊዜ ጣልናቸው ማለት ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ አንዳቸው ከ146 ማነስ ነበረበት፣ 146 በ146 ሲባዛ 21316 ሆኖ ያልፈዋልና፣ ስለዚህ መሞከር ያለብን እስከ 139 ያሉትን ፕራይሞች ብቻ ነው። በ127 ሲካፈል 2 ይተርፈዋል፣ በ53 ሲካፈል 11 ይተርፈዋል፣ ሌሎቹንም አንድ በአንድ በእጅ አካፈልናቸው፣ አንዱም አልገባለትም። ፕራይም ነው ጋሼ።