መልስ፦ ፎርቲናይነርስ በትሬይ ላንስ ለምን ቆመሩ?
ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ስለ ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ «ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ያደረሳቸው ጋሮፖሎ እያለ ቡድኑን ላልተፈተነ ልጅ፣ ለላንስ፣ መስጠት እብደት አይደለም ወይ?» ብለሃል። እኔም ያኔ እብደት ነው ብዬ ነበር።

ስሌታቸው ግን ነበራቸው። ኳርተርባካቸው (ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) ጋሮፖሎ ቶሎ ቶሎ ይጎዳ ነበር፣ ደመወዙም ከባድ ነበር። ከድራፍት (ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ከሚመርጡበት ሥርዓት) የመጣ ኳርተርባክ ግን ለአራት ዓመት በርካሽ ውል ይጫወታል፤ የተረፈው ገንዘብ ለሌሎች ተጫዋቾች ይሆናል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ12ኛ ወደ 3ኛ ተራ ለመውጣት ሦስት የአንደኛ ዙር ምርጫ ከፈሉ፤ በዚያ ተራም ላንስን መረጡ። ዋጋው ነው የበዛው! ላንስ እኮ በኮሌጅ በቋሚነት የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ2020 በኮሮና ምክንያት አንድ ጨዋታ ነው ያገኘው።

በ2022 ቡድኑን ተረከበ፤ በሁለተኛው ሳምንት ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳትል፣ ጋሮፖሎን ደመወዙን ቀንሰው አቆይተውት ስለነበር የብብታቸው አልወደቀም። እሱም ሲጎዳ ብሮክ ፐርዲ ገባ፦ የድራፍቱ መጨረሻ፣ 262ኛው! እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ፣ ከሱፐር ቦውል በፊት እስካለው ግጥሚያ፣ ወሰዳቸው። ላንስ ደግሞ በ2023 በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ለዳላስ ቡድን ተሸጠ።