የአሮጌ ቮልስዋገን የውስጥ መብራት፦ አዲስ ሽቦ ከመሳብዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከአባቴ የወረስኩት በፈረንጆች 1970 የተሠራ ቮልስዋገን አለኝ። የጣሪያው መብራት በሩ ሲከፈት አንዳንዴ ብቻ ነበር የሚበራው፤ በየጊዜውም ፊውዝ ያቃጥል ነበር። አንድ ባለሙያ ከባትሪው በቀጥታ አዲስ ሽቦ ስቦ አበራልኝ። አሁን ግን በሩ ተዘግቶም ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ባትሪውም በሁለት ሌሊት ያልቃል። የዳሽቦርዱ መብራት ጭራሽ ጠፍቷል። ሽቦውን በሙሉ ልቀይር?»

መልስ፦ አይቀይሩ። የዘረዘሯቸው ችግሮች በብዛት የሚመጡት ከሽቦው መሐል ሳይሆን ከጫፎቹ ነው፦ ከዛገ ማሳ (የመኪናው ገላ የሚሰጠው ኔጋቲቭ)፣ ከላላ የፊውዝ መያዣ፣ ውሃ ከገባበት የበር ስዊች። የፋብሪካው ሽቦ ተቆርጦ ወይም ተልጦ ካልሆነ በቀር ዛሬም ይሠራል።

ዛሬውኑ መነቀል ያለበት ግን ከባትሪው በቀጥታ የተሳበው ሽቦ ነው። የዚህ መኪና ባትሪ በቀኙ የኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ፊውዝ የሌለው ቀጭን ሽቦ እዚያ መቀመጫ ሥር ተጨፍልቆ ገላውን ከነካ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቅበታል፤ ሽቦው ይግላል፣ የመቀመጫው ሙሌትም ይቀጣጠላል። በዚያው አጋጣሚ የባትሪው ክዳን መኖሩን ይዩ። ክዳኑ ከጠፋ፣ ከባድ ሰው ኋላ ሲቀመጥ የመቀመጫው ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ፖል ይነካል። ስንት ቮልስዋገን በዚህ ተቃጥሏል። ወፍራም ጎማ ወይም የደረቀ ጣውላ ቆርጠው በደንብ ያሳርፉበት።

ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈተው ቮልቴጁን ያረጋግጡ። ስድስት ክዳን ያለው ባትሪ 12 ቮልት ነው፣ ሦስት ያለው 6 ቮልት። በዚያ ዘመን ሁለቱም ዓይነት ስለተሠራ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ይቁጠሩ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የ12 ቮልት ናቸው።

የጣሪያው መብራት ፖዘቲቩን ሁልጊዜ ያገኛል፦ ቀይ ሽቦ ከፊውዝ ሳጥኑ ተነሥቶ በግራው ምሰሶ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። የሚቆረጠውና የሚቀጠለው ኔጋቲቩ ነው። በሩ ሲከፈት በፊተኛው ምሰሶ ላይ ያለችው ስዊች ቡናማውን ሽቦ ከገላው ጋር ታገናኘዋለች። በጀርመን መኪና ቡናማ ሁልጊዜ ማሳ ነው፣ ቀይ ቀጥታ ባትሪ፣ ጥቁር በቁልፍ የሚመጣ፣ ግራጫ የፓርኪንግ መብራት። ይህን ከያዙ በሽታው ራሱ መንገዱን ይነግርዎታል። ቀዩ ተልጦ ገላውን ከነካ ፊውዝ ይቃጠላል። ቡናማው ከተላጠ ግን ፊውዝ አይቃጠልም፤ መብራቱ በሩ ተዘግቶም አይጠፋም። እርስዎ ሁለቱንም ስላዩ ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ነው የምንፈልገው።

ደብዘዝ ብሎ መብራቱ በቡናማው መስመር ላይ የምትንጠባጠብ ትንሽ ግንኙነት እንዳለች ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ ዝገትና እርጥበት የያዘች የበር ስዊች ናት። ባትሪውን የሚገድለውም ይኸው ነው። የ10 ዋት አምፖል ሙሉ ሲበራ 0.8 አምፔር ያህል ይስባል፣ በ24 ሰዓት 20 አምፔር-ሰዓት ገደማ ማለት ነው። የፋብሪካው ባትሪ 36 አምፔር-ሰዓት ስለሆነ ያረጀ ባትሪ በግማሹም አይቋቋመውም።

ስዊቿ በአንድ ብሎን ነው የምትያዘው። ብሎኑን ፈትተው ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ሽቦውን ከመንቀልዎ በፊት ክር ይሰሩበት፣ ካመለጠዎት ምሰሶው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ለሙከራው የባትሪውን ኔጋቲቭ መልሰው ያስሩ፤ ሽቦውን ሲነቅሉ መብራቱ ከጠፋ ጥፋቱ ስዊቿ ናት። የሌላኛውን በርም እንዲሁ ይሞክሩ። ሁለቱም ተነቅለው መብራቱ ካልጠፋ ቡናማው ሽቦ መንገድ ላይ ተልጧል ማለት ነው። ስዊቿን በኮንታክት ማጽጃ ይጠቡ፣ ፒኗን ደጋግመው ይጫኑ፣ ብሎኑ የሚያርፍበትን ብረት ቀለሙ እስኪለቅ ይፈግፍጉ። ማሳዋን የምታገኘው በዚያ ብሎን ነውና አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ላይ ስዊች «የሚሞተው» ብዙ ጊዜ በቀለሙ ምክንያት ነው። ሲጨርሱ ስስ ቫዝሊን ይቀቡ።

አሁን ወደ ፊውዙ። ሳጥኑ ከዳሽቦርዱ ሥር ከመሪው ግራ ነው። ነጩ ፊውዝ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው፤ በነጩ ቦታ ቀይ አይግባ፣ የሲጋራ ወረቀት መጠቅለልማ ጨርሶ አይታሰብ። የተቃጠለውን ፊውዝ አይጣሉ፣ ያንብቡት። ስስ ብረቱ መሐሉ ላይ ከተቆረጠ ሾርት (ፖዘቲቩ በቀጥታ ገላውን የነካበት ቦታ) አለ። ብረቱ ሳይቆረጥ ጫፉ ላይ ፕላስቲኩ ከቀለጠ ግን ሙቀቱ የመጣው ከላላ መያዣ ነው። በጎንደር ኮብልስቶን ላይ ዓመታት የተንቀጠቀጠ መያዣ ይላላል። መያዣዎቹን በፒንሳ በመጠኑ ወደ ውስጥ ያጥፏቸው፣ ጫፎቻቸውን በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ያጽዱ። ሻካራ ወረቀት ላይኛውን ልባስ ልጦ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ሾርቱን ለማግኘት ፊውዝ እየቀያየሩ ገንዘብ አያባክኑ። ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ አስረው በፊውዙ ቦታ ያገናኙት። ሾርት ካለ አምፖሉ በኃይል ይበራል፣ ግን ከ1.8 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ምንም አይቃጠልም። ከዚያ በቀዩ ሽቦ መንገድ እየነካኩ ይሂዱ፤ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ እሱ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ሽቦው ብረት ቀድዶ የሚያልፍበትና የጎማ መከላከያው የወለቀበት ቀዳዳ ነው፣ ቀጥሎ የጣሪያው መብራት የሚገባበት ሹል ጠርዝ፣ ቀጥሎ ሬዲዮ ሲገጠም የገባ ብሎን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) ያታልለዋል። ቴስተር ምንም ያህል አምፔር ስለማይስብ፣ ከሽቦው አንዲት ክር ብቻ ቀርታም 12 ቮልት ያሳያል፤ አምፖል ሲታሰርበት ግን ቮልቴጁ ይወድቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ አምፖሉ እየበራ ይለኩ። ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ቀዩን በአምፖሉ የማሳ በኩል ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበቡ ማሳው ነው። ቀጥሎ በባትሪው ፖዘቲቭና በአምፖሉ ቀይ ሽቦ መካከል ይለኩ፤ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ፊውዝ ሳጥኑ ወይም መገጣጠሚያው ነው።

መተካት ያለበት ሽቦ ካገኙ 1 ካሬ ሚሊሜትር ባለብዙ ክር ለስላሳ ሽቦ ይግዙ፤ ሦስት ሜትር ይበቃል። የቤት መስመር የሚዘረጋበት አንድ ክር ደረቅ ሽቦ መኪና ላይ ከተንቀጠቀጠ ይሰበራል። ጫፉን በካፒኮርዳ (በሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨመቅ የብረት ማያያዣ) ይጭመቁ፣ ናስትሮ ብቻ ጠቅልለው አይተዉት፤ በሙቀት ማስቲሹ ይቀልጥና ይፈታል። አምፖሉ ባለሁለት ጫፍ 10 ዋት ነው። ሱቅ ውስጥ ተመሳሳይ መልክ ያለው ባለ 5 ዋት የታርጋ አምፖል ይሰጥዎታል፤ አጠር ስለሚል መያዣው ላይ ይላላል፣ ይሞቃልም። አሮጌውን ይዘው ይሂዱና አስለክተው ይግዙ። ጎንደር ካጡት መርካቶ ሶማሌ ተራ ለሚሄድ ሰው ይላኩ፤ አሥር ነጭ ፊውዝም አብሮ ይምጣ።

የዳሽቦርዱ መብራት ሌላ መስመር ነው፣ ከጣሪያው ጋር አያምታቱት። የፓርኪንግ መብራቱ የሚበራ ከሆነ ኤሌክትሪኩ እስከ መብራት ማብሪያው ደርሷል። ማብሪያውን ሲያዞሩት የሚያደበዝዝ ሽቦ ጥቅል ውስጡ አለ። ለዓመታት ሳይዞር ከቆየ ይዝጋል። መብራቱን አብርተው እጀታውን ከጫፍ ጫፍ ሃያ ጊዜ ያህል ያዙሩት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃዋል። ካልሆነ የፊቱን ኮፈን ከፍተው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ካርቶን ያንሡና በማብሪያው ላይ 58 እና 58ቢ የተጻፈባቸውን ጫፎች ይለኩ። 58 ላይ 12 ቮልት ኖሮ 58ቢ ላይ ከሌለ ጥቅሉ ተበጥሷል። ሁለቱን በአጭር ሽቦ ማገናኘት ይቻላል፤ ትናንሾቹ አምፖሎች ተደምረው ከግማሽ አምፔር በታች ነው የሚስቡት። ግን ማደብዘዝ ይቀራል፣ ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞን በጨለማ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ዓይን ላይ የሚያበራ ዳሽቦርድ አደጋ ነው። ለጊዜው ብቻ ያድርጉት፣ የሚተካ ማብሪያ ግን ይፈልጉ። 58ቢ ላይ ኤሌክትሪክ ኖሮ አሁንም ከጨለመ፣ ከፍጥነት መለኪያው ጀርባ ያለውን ቡናማ የማሳ ሽቦ ይዩ። አምፖሎቹ ማሳቸውን የሚያገኙት ከመለኪያው ብረት ነውና እሷ ከወለቀች ሁሉም አብረው ይጠፋሉ።

ኤልኢዲ ማስገባት ከፈለጉ የጣሪያው ላይ ይቻላል፤ ባትሪም ይቆጥባል። የቻርጅ ማሳያዋን ቀይ አምፖል ግን አይንኩ፤ በተለይ ዳይናሞው በኦልተርኔተር የተተካ ከሆነ መሙላት የሚጀምረው በእሷ በኩል በሚያልፈው አምፔር ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ውሃው ካልተዘጋ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ይመለሳሉ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ከመስታወቱ በላይ ውሃ ያፍስስ፣ እርስዎ ዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ከመስታወቱ ጎማ ጥግ የሚወርደው ጠብታ በቀጥታ የሚያርፈው ሽቦዎቹና ፊውዝ ሳጥኑ ላይ ነው። ከመስታወቱ ፊት ያለው የአየር ማስገቢያ ሳጥንም የውሃ መውረጃ ቱቦ አለው፤ ቅጠልና አፈር ሲዘጋው ውሃው ወደ ውስጥ ይፈሳል። ቱቦውን በለስላሳ ሽቦ ይክፈቱት፣ የደረቀውን የመስታወት ጎማ ይለውጡ፣ ከዚያ በኋላ የካርቶኑን ሽፋን ወደ ቦታው ይመልሱት።