አሮጌ ሞተር፣ አዲስ መሪ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሰሞኑን አሮጌ ሞተር ያላችሁ ወዳጆች ስለ መሪ ቅያሬ ስትጠይቁኝ ሰነበታችሁ። አንዱን በስልክ፣ ሌላውን ሂርማታ ገበያ ዳር ቆሜ ስመልስ ያው ነገር እየተደጋገመ መጣ። ዛሬ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልለምናችሁ፤ መሪን በዓይን አይታችሁ አትግዙ፤ ለክታችሁ ግዙ።

ከአጋሮ፦ ጋሼ፣ የኔ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ወድቃ መሪዋ ታጠፈ። ሻጩ «የሞተር መሪ ሁሉ አንድ ነው፣ ዝም ብለህ ውሰድ» ይለኛል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይሄው ግማሽ ነው። ያንተን ዲቲ፣ ሆንዳ ሲጂ 125ን፣ ሱዙኪ ቲኤፍ 125ን ጨምሮ አብዛኞቹ የጃፓንና የህንድ ሞተሮች የመሪያቸው ቧንቧ ውፍረት 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኢንች 7/8 የሚባለው። እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን ያሉት የአሜሪካ ሞተሮች 25.4 ይጠቀማሉ። ሦስተኛ ዓይነት ደግሞ አለ፤ መሃሉ ወፍሮ 28.6፣ ጫፉ ቀጥኖ 22.2 የሆነ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህኛው ነው። እጀታው ልክክ ብሎ ይገባና «ሆነ» ብሎ ይገዛል፤ ቤት ሲደርስ መሪውን ሞተሩ ላይ የሚያስረው ማቀፊያ አልዘጋ ይለዋል።

ካሊፐር የሚባለው የውፍረት መለኪያ ባይኖርህ ክርና የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሃል። ክሩን መሪው ላይ አንድ ዙር ጠምጥምና ርዝመቱን ለካ። 70 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ 22.2 ነው፤ 80 ከሆነ 25.4፣ 90 ከሆነ 28.6። መሃሉንም ጫፉንም ለካ። የታጠፈውን መሪህን ደግሞ ይዘህ ሂድ፤ ጎን ለጎን መሬት ላይ አጋድማቸው። የጎን ስፋታቸው፣ ከማቀፊያው ወደ ላይ የሚነሱት ከፍታ፣ ወደ አሽከርካሪው የሚመለሱት መጠን እዚያው ይታይሃል። ሰው የሚረሳው ቀጥ ያለውን የጫፍ ክፍል ነው። እጀታው፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻው፣ የፍሬቻና የክላክስ ሳጥኑ ሁሉ የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። ካጠረ አንዱ መታጠፊያው ላይ ይወጣል፤ አይጠብቅም።

ከጅማ፣ መርካቶ፦ ብየዳ ቤት «በውሃ ቧንቧ ልሥራልህ፣ ከፋብሪካው ይጠነክራል» አለኝ። ምን ትላለህ?

እባክህ አታሠራ።

ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርህ፤ ከተማችን ውስጥ ይሄ ነገር ለምዷል። ግማሽ ኢንች የሚባለው የውሃ ቧንቧ የውጪ ውፍረቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። ከ22.2 አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጎድላል። አንድ ሚሊ ሜትር ምን አላት እንዳትል። ማቀፊያው ለ22.2 የተቆረጠ ሁለት ግማሽ ክብ ነው፤ ቀጭን ቧንቧ ሲገባበት ዙሪያውን አያቅፈውም፤ በጠባብ መስመር ብቻ ነው የሚነካው። ሠራተኛው ይህን ሲያይ ከቆርቆሮ ቆርጦ ይጠቀልልበታል። ቆርቆሮው በንዝረት እየተበላ ይሄድና አንድ ቀን ፍሬን ስትይዝ መሪው ወደ ታች ይዞራል። ሦስት አራተኛ ኢንች የሚባለው ቧንቧ ደግሞ 26.9 ነው፤ ጨርሶ አይገባም።

ብየዳው ሌላ ጣጣ ነው። ደህና መሪ ከአንድ ቧንቧ ታጥፎ ነው የሚሠራው፤ መሃል ላይ መገጣጠሚያ የለውም። የተበየደ ብረት ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከስፌቱ ጎን፣ እሳቱ ያገኘው ቦታ ላይ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው ስንጥቁ በቀለም ስር ተደብቆ ያድጋል። እኔ ወጣት ሳለሁ የተበየደ መሪ ይዤ ከዴዶ ቁልቁል ስወርድ የግራው ጫፍ ከነፍሪሲዮን ማንሻው እጄ ላይ ቀረ። ቀስ ብዬ ስለነበር ቦዩ ውስጥ ወድቄ ተረፍኩ። ከኋላዬ ሰው አልጫንኩም ነበር። ሰው ጭኜ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም አስበዋለሁ። የበየደው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዘነልኝና በርካሽ ሠራልኝ። ገንዘብ ካጠረህ ያገለገለ የፋብሪካ መሪ ፈልግ፤ ቀጥ ያለና ያልተበየደ እስከሆነ ድረስ ከአዲስ ቧንቧ ይሻላል።

ከዚያው፦ አሉሚኒየም ከሆነስ? ትንሽ ታጥፎ በርካሽ አገኘሁ።

ተወው። የታጠፈ አሉሚኒየም አይቃናም፤ ሲቃና ይሰነጠቃል።

ከሰቃ ጨቆርሳ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ ስልሳን አልፏል። ያማሃ ኤጂ 100 ይዤ ጅማ ስመላለስ አንጓዬንና ወገቤን ያመኛል። ከፍ ያለ መሪ ልግዛ?

አባቴ፣ ከመግዛትዎ በፊት ምንም ገንዘብ የማይፈጅ ነገር ይሞክሩ። ሞተሯን አንድ ልጅ ቀጥ አድርጎ ይያዝልዎ፤ እርስዎ እንደ ልማድዎ ይቀመጡ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ትከሻዎን ያላሉና እጆችዎን ወደፊት ይዘርጉ። እጅዎ አየር ላይ የት አረፈ? ከመሪው በላይ ከሆነ ከፍታ ያስፈልግዎታል። ከመሪው ወደ እርስዎ ቀረብ ካለ ግን የጎደለው ከፍታ አይደለም፤ ወደ ኋላ የሚመለስ መሪ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይለይም። ከፍ ያለ ይገዛል፣ ክንዱ ያው ተዘርግቶ ይቀራል፣ ወገቡም አይድንም።

የማቀፊያውን ቡሎኖች አላልተው ያለውን መሪ ትንሽ ወደ ራስዎ ቢያዞሩት አንዳንዴ በቂ ነው። ከዚያ ማንሻዎቹን ያስተካክሉ። ጣቶችዎን ማንሻው ላይ ሲያደርጉ የእጅዎ ጀርባ ከክንድዎ ጋር ቀጥ ማለት አለበት። አንጓዎ ወደ ላይ ከተሰበረ ሕመሙ ከዚያ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይግዙ፤ ከዚያ በላይ አይሂዱ። በጣም ከፍ ያለ መሪ የሰውነትን ክብደት በሙሉ ወደ መቀመጫ ይጥለዋል፤ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀላል፤ የእርስዎም ወገብ በየጉድጓዱ ይመታል። ደግሞ የኤጂ ማንሻዎችን የሚጠብቀው የብረት አጥር አዲሱ መሪ ላይ መግጠሙን ሳያዩ ገንዘብ እንዳይከፍሉ። ለገጠር መንገድ ትልቅ ነገር ነው።

ከማና፦ የጤና ባለሙያ ነኝ፣ ቁመቴ አጭር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር መሪ ሰፊ ሆኖ በቡና መሃል ባለው ቀጭን መንገድ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ላስቆርጠው?

እህቴ፣ መጀመሪያ አስፈቅጂ፤ ንብረቱ የመሥሪያ ቤት ነው። ከተፈቀደልሽም መጋዝ ከመነሳቱ በፊት እጀታውን፣ ማንሻውንና የፍሬቻና የክላክስ ሳጥኑን በሁለቱም በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገቢና አንድ ሳምንት ንጂ። ሰፊ መሪ እንደ ረጅም መፈንቀያ ነው፤ ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ የፊት ጎማው ሲንሸራተት ትንሽ ጉልበት ይበቃሻል። ሲጠብ መሪው ይከብዳል። በክረምቱ ጭቃ ሞክረሽው ከተመቸሽ ያን ጊዜ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆረጥ፤ የተቆረጠው ጠርዝ በሞረድ ይለስልስ። በቀኝ በኩል እጀታው የተሰካበት፣ ነዳጅ ለመስጠት የሚዞረው ቱቦ በነፃ መዞር አለበት፤ ስትለቂው በራሱ ቷ ብሎ ካልተመለሰ ሞተሩን አታስነሺ።

ከሊሙ፦ ከፍ ያለ መሪ ገጠምኩ። አሁን ወደ ግራ ጥግ ድረስ ሳዞር ሞተሩ በራሱ ይጮሃል። ካርቡራተሩ ነው?

አይደለም፣ የነዳጅ ገመድህ አጥሯል። መሪው ሲዞር ገመዱ ይሳብና አንተ ሳትነካው ነዳጅ ይሰጣል። ዛሬውኑ አቁማት። በጠባብ መንገድ ዞረህ ልትመለስ ስትል ሰው ላይ ትወረወራለህ።

አንዳንዴ ገመዱ በቂ ሆኖ የሚያልፍበት መንገድ ነው የተበላሸው፤ መጀመሪያ እሱን እይ። ካልሆነ ረዘም ያለ ገመድ ግዛ። የፍሪሲዮኑም ያው ነው፤ ገመዱ ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይያዝም፣ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። የፊት ፍሬንህ የዘይት ከሆነ ቱቦው መሪው ጥግ ሲደርስ መወጠር የለበትም፤ ቱቦ ከተቀየረ የመዳቡ ቀለበቶችም አብረው ይቀየሩ፣ አየሩም ይውጣ። መሪ የቀየራችሁ ሁሉ ሞተሩን ነዳጅ ሳትሰጡ በሚኒሞ አስነሡና መሪውን ከጥግ ጥግ አዙሩ፤ ድምፁ በትንሹም ቢለወጥ አትሂዱ።

ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፦ የፍሬቻና የክላክስ ሳጥኑ አዲሱ መሪ ላይ እየዞረ አስቸገረኝ።

ሳጥኑን ከፍተህ ውስጡን እይ፤ ትንሽ ጥርስ አለችው። አሮጌው መሪህ ላይ ለሷ የተበሳ ቀዳዳ ነበር። አንዳንዱ ሰው ጥርሷን በሞረድ ይበላታል፤ ከዚያ ሳጥኑ ዕድሜ ልኩን ይዞራል። ማንሻዎቹን ካስተካከልክ በኋላ ቦታውን ምልክት አድርግና በጥርሷ ልክ አንድ ቀዳዳ ብቻ አስበሳ። ከልኳ አይስፋ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የተበሳሳ መሪ ይደክማል።

ከዴዶ፦ አጥብቄ አስሬው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ ታች ይሸሻል።

ውፍረቱን ለካኸው? መጀመሪያ እሱን። ልኩ ከሆነ ቡሎኖቹን ፍታና ማቀፊያውንም መሪውንም በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ እዚያ ግራሶ ወይም ዘይት መኖር የለበትም። በመሪው መሃል ያለው ሻካራ መስመር ማቀፊያው ውስጥ መግባቱን እይ። የላይኛው ማቀፊያ ላይ ነጥብ ወይም ቀስት ካለ ወደ ፊት ይዙር፤ የፊቶቹን ቡሎኖች መጀመሪያ አጥብቅ፣ ከዚያ የኋላዎቹን። ክፍተቱ ከኋላ ብቻ ይቀራል፤ ትክክል ነው። ምልክት ከሌለው ግን ክፍተቱ ከፊትም ከኋላም እኩል ይሁን። በአጭር ቁልፍ በእጅህ ጉልበት ይበቃል፤ ቧንቧ ቀጥለህ አትጠምዝዝ፣ ጥርሱ ይበላል። ማቀፊያውን በሞረድ አሳንሶ ማጥበቅ የሚባለውን ነገር ማንም ቢመክርህ አትስማ።

ከሰርቦ፦ መሪ ቀየርኩ፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ግን ጠማማ ነው። የተበላሸ ሸጡልኝ?

ሻጩን ከመክሰስህ በፊት የፊት ሾኮቹን እይ። ስትወድቅ ሁለቱ እግሮች በመያዣቸው ውስጥ ተጣመው ሊሆን ይችላል። የመያዣዎቹንና የፊት ጎማውን ዘንግ ቡሎኖች አላላ፣ ጎማውን በጉልበቶችህ መሃል ያዝና መሪውን ቀስ ብለህ መልስ፣ ከዚያ ከታች ጀምረህ አጥብቅ። አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ሾኩ ራሱ ታጥፏል፤ ያ የመሪ ጉዳይ አይደለም።

ከዩኒቨርሲቲ ሰፈር፦ ሲጂ 125ን በዝቅተኛ ጠፍጣፋ መሪ ማሳመር እፈልጋለሁ።

ያምራል፣ አልክድም። ግን ጥግ ድረስ ስታዞር እጀታው ታንኩን ካልነካ፣ አውራ ጣትህም መሃል ካልተቀረቀረ ብቻ ግጠመው። ሰው ጭነህ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ቁልቁለት ላይ የተሳፋሪው ክብደት ሁሉ አንጓህ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ብሆን ለሥራ ሞተር አላደርገውም።

ከአጋሮ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ፦ አሮጌውን መሪ ምን ላድርገው ጋሼ?

አዲሱ ተገጥሞ፣ ገመዶቹ ሁሉ ልክ ሆነው፣ ሁለት ሳምንት እስክትነዳ አስቀምጠው፤ ልክ የምትጠይቀው እሱን ነው። ከዚያ በብረት መጋዝ ለሁለት ቁረጠውና ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ስጠው። ሙሉውን ከሰጠኸው አንዱ አቃንቶ ቀለም ቀብቶ ገበያ ያወጣዋል።