ሳር እምቢ ያለበት ጥላ ውስጥ ሌዲስ ማንትል ይሆናል ወይ? የጓሮ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅቱ፣ የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ቤቱን ከገዛን ጀምሮ በስተሰሜን ያለው ግድግዳ ስርና ትልቁ ሜፕል ዛፍ ስር ሳር አልይዝ ብሎኛል፣ ዘሩን እበትናለሁ በስፕሪንግ ብቅ ይላል ከዛ ጁላይ ሲገባ ቢጫ ሆኖ ያልቃል። ጎረቤቴ ሌዲስ ማንትል የሚባለውን ሰፊ ቅጠል ያለው አጭር የአበባ ተክል ትከይበት ከዓመት ዓመት ራሱ ይመጣል ብላ ከጋርደኗ ሁለት እግር ነቅላ ልትሰጠኝ ነው። እውነት መሬቱን ይሸፍንልኛል? ልጆች እዛ ጋ ይሮጣሉ፣ አጋዘንም እየገባ ያገኘውን ነው የሚበላብን።

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትሽ ጥሩ ተክል ነው የመረጠችልሽ፣ ግን ሁለቱን ቦታ ለያይተሽ እዪልኝ። ግድግዳው ስር ያለው ጥላና ሜፕሉ ስር ያለው ጥላ አንድ አይደለም። ሜፕል ስሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፣ ዝናብ ዘንቦ እንኳ ውሃውን ቀድሞ የሚጠጣው ዛፉ ነው፣ ስለዚህ እዛ ያለው ደረቅ ጥላ ነው። ሌዲስ ማንትል ደግሞ ጥላ ይወዳል ግን እርጥበት ያለው ጥላ ነው የሚወደው። ዛፉ ስር ከተከልሽው ኦገስት ላይ የቅጠሉ ዳር ቡናማ ሆኖ እየተጠቀለለ ያሳዝንሻል። ለዛ ቦታ ኤፒሚዲየም የሚባለውን መሬት የሚሸፍን ተክል፣ ወይ የእናንተው አካባቢ አገር በቀል የሆነውን ሳር መሳይ ፔንሲልቬኒያ ሴጅ ፈልጊ፣ ሁለቱም ደረቅ ጥላ ይችላሉ።

ግድግዳው ስር ግን በደንብ ይሆናል፣ በተለይ ጠዋት ትንሽ ፀሀይ አግኝቶ ከሰዓት ጥላ ከሆነ። እንግሊዝ ወይ ሲያትል አካባቢ ሙሉ ፀሀይ ላይ ተተክሎ ሲያምር ታይዋለሽ፣ እዛ ሰመሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፣ የሜሪላንድ የከሰዓት ፀሀይ ከዛ ወበቅ ጋር ሌላ ነገር ነው። ብርዱ እንኳ አያሳስብሽ፣ የትውልድ አገሩ ቱርክና ካውካሰስ ተራራ ላይ ነው፣ በአሜሪካ የብርድ ደረጃ (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብርዱ ይብሳል) ዞን 3 ድረስ ይችላል፣ እናንተ ዞን 7 ናችሁ። የሚጎዳው ሙቀትና የተኛ ውሃ ነው።

አሁን ስለመሸፈኑ። አንድ እግር ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ከፍ ይልና ወደ ጎን እስከ 60 ሳንቲሜትር ይሰፋል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ እንደ ማራገቢያ የታጠፈ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ መሬቱን ያጨልመዋል፣ አረሙ ብርሃን የሚያጣው በዚህ ነው። ስለዚህ በ18 ኢንች ርቀት ትከይው። 10 ፊት በ4 ፊት ለሆነ መደብ 18 እግር ያህል ይበቃሻል። ከጎረቤትሽ የሚመጣውን ሁለት እግር በስለት አካፋ ከፋፍለሽ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ስርም ቡቃያም እንዲኖረው አድርገሽ ጀምሪ፣ ሌላውን ቀስ እያልሽ ጨምሪ እንጂ ሁሉንም ነርሰሪ ሄደሽ ግዢ አልልሽም፣ ዋጋው ከባድ ነው፣ ይሄ ተክል ደሞ ሲከፋፈል አያኮርፍም።

ጊዜው ላይ ጠንከር ብዬ ልንገርሽ፣ እናንተ ጋ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ይሻላል። መሬቱ ገና ሙቀት አለው አየሩ በርዷል፣ ስሩ ሰመር ሳይመጣበት ይይዛል። ብዙ ሰው ሜይ ላይ ያበበውን አይቶ ይገዛና ከወር በኋላ ሙቀት ውስጥ ይከተዋል። ከመትከልሽ በፊት ያለውን አረምና የሳር ስር አንድ በአንድ ልቀሚ፣ ይሄን ስራ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ ግራውንድ ከቨር (መሬት የሚሸፍን ተክል) ግን አዲስ አረም እንዳይበቅል ያደርጋል እንጂ ቀድሞ የነበረውን ስር አይገድልም፣ በኋላ ከመሀሉ ሳር መንቀል ደሞ እንዴት እንደሚያሰለች። የእናንተ ሰፈር አፈር ብዙ ጊዜ ሸክላ ስለሆነ ኮምፖስት በደንብ ቀላቅይበት፣ የተክሉ አናት፣ ማለትም ስሩና ቡቃያው የሚገናኙበት፣ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፣ ሁለት ኢንች ያህል ማልች (እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ያለ የአፈር ልብስ) ዙሪያውን አልብሺ ግን አናቱ ላይ እንዳትከምሪ ይበሰብሳል። የመጀመሪያው ዓመት ዝናብ ካልመጣ በሳምንት አንዴ ውሃ እስከ ስሩ የሚደርስ አጠጪው፣ በየቀኑ መርጨት አይጠቅመውም።

አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም፣ ቅጠሉ ፀጉራም ስለሆነ አይጥመውም መሰለኝ፣ በጣም ሲርበው ግን ምንም አይመርጥም። ልጆቹን በተመለከተ ይሄ ሳር አይደለም፣ ከተረገጠ ይሰባበራል፣ ስለዚህ መሀሉን ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድረሽ መሄጃ አውጪላቸው። አንድ ነገር ደሞ ሳትጠብቂ እንዳይመጣብሽ፣ በዊንተር ቅጠሉ ይሞታል፣ መሬቱ ባዶ ይመስላል፣ ማርች ላይ ከስሩ እንደገና ይወጣል። የሞተ መስሎሽ እንዳትነቅይው።

ጥያቄ፦ ከስቶክሆልም ነኝ። ቤቱን ስንገዛ ስዊድኖቹ ዬተዳግኮፓ የሚሉት ተክል በግቢው ሞልቶ ነበር፣ አሁን ግን ድንጋይ መሀል ሁሉ እየበቀለብኝ ነው ምን ላድርግ? ሌላው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዝናብ ሳይዘንብ የቅጠሉ ዙሪያ ላይ በየጥርሱ ትናንሽ ውሃ ተደርድሮ አያለሁ፣ በሽታ ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱ ያው ሌዲስ ማንትል ነው፣ በሳይንስ ስሙ አልኬሚላ ሞሊስ። የሚበዛብህ በስር ሳይሆን በዘር ነው፣ ዘሩን ለማፍራት ደሞ የአበባ ብናኝ እንኳ አያስፈልገውም፣ ንብ መጣ አልመጣ አንዷ ተክል ብቻዋን ዘር ትሞላለች። ስለዚህ መፍትሄው መቀስ ነው። ጁንና ጁላይ ላይ ያ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ አበባው ይወጣል፣ እስክትጠግብ እየው፣ ቆርጠህ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ላይ አድርገው ከፅጌረዳ ጋር በጣም ያምራል፣ ከዛ ቀለሙ ወደ ቡናማ መሄድ ሲጀምር ዘሩ ሳይረግፍ አበባውንም ቅጠሉንም አንድ ላይ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገህ እጨደው። የመጀመሪያ ቀን ግቢህ ራቁቱን የቀረ ይመስልሃል፣ ውሃ ስጠው፣ በጥቂት ሳምንት ለስላሳ አዲስ ቅጠል አውጥቶ እስከ ፎል ድረስ ንፁህ ሆኖ ይቆያል። ላለመበተን ብቻ ሳይሆን ለውበቱም ይሄን በየዓመቱ ማድረግ አለብህ ባይ ነኝ።

ድንጋይ መሀል የበቀሉትን ገና በሁለት በሦስት ቅጠላቸው ሳሉ ዝናብ በዘነበ ማግስት ንቀላቸው፣ ካረጁ ስራቸው እንጨት ይሆንና እጅህን ነው የሚልጡት። ያጨድከውን ዘር የያዘውን ደግሞ ጫካ ዳር ወይ ሜዳ ላይ አትድፋ፣ ስካንዲኔቪያ ውስጥ ከሰው ግቢ አምልጦ በዱር የሚበቅልበት ቦታ አለ፣ እዛ የአገር በቀሉን ተክል ቦታ ነው የሚሻማው።

ውሃው በሽታ አይደለም፣ ደስ ይበልህ። ማታ አየሩ እርጥብ ሆኖ ስሩ ብዙ ውሃ ሲስብ ትርፉን በቅጠሉ ጥርስ ጫፍ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ያወጣዋል። ቅጠሉን ጠጋ ብለህ እየው፣ ጥቃቅን ፀጉር አለው፣ ያ ፀጉር ጠብታውን ከቅጠሉ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ ለዛ ነው ውሃው ተንጣሎ ቅጠሉን ከማርጠብ ይልቅ ድብልብል ብሎ የሚቆመው፣ ቅጠሉን ስትነካው መሀል ወዳለው ጎድጓዳ ተንከባሎ ይገባል። እኔ ይሄን ተክል የምወደው ከአበባው ይልቅ በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አውሮፓ ያሉ ሰዎች ለሴቶች ህመም ሻይ ያደርጉታል ሲሉ ሰምታ ጋርደን ውስጥ ያለውን ልቀንጥብ አለች። ይጠጣል?

መልስ፦ አውሮፓ ውስጥ የወር አበባ ሲበዛ ሻዩን መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፣ ግን በብዛት የሚጠቀሙት የሜዳውን ዘመዱን እንጂ ይሄን የጋርደኑን አይደለም፣ ጥቅሙም በጠንካራ ጥናት የተረጋገጠ አይደለም። ደም የሚበዛባቸው ከሆነ ሀኪም ይያቸው፣ ሻዩ ይቅርባቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ እንጦጦ ስር ነው ቤቴ፣ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ግቢዬን ነው የምንከባከበው። ልጄ ከውጭ ስትመጣ የሌዲስ ማንትል ዘር ታምጣልኝ ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ባያስመጡ ይሻላል እላለሁ። ተክልም ዘርም ድንበር ሲያልፍ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይጠየቃል፣ ከሁሉም በላይ ግን ከላይ እንዳልኩት ብቻውን ዘር የሚሞላ ተክል ስለሆነ እንደ እንጦጦ ላለ ደጋ ያሰጋኛል። እኛ ጋ እኮ የሌዲስ ማንትል ዘመድ የሆኑ የራሳችን አልኬሚላዎች አሉ፣ ከቀጋና ከኮሶ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። አልኬሚላ አቢሲኒካ የሚባለው ደጋ ላይ ሳሩ መሀልና ደን ዳር መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ደግሞ አልኬሚላ ሃውማኒ የሚባል ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ አለ። ከፓርክና ከደን ግን እንዳይነቅሉ አደራ።

ለጥላ ቦታዎ አሁን የሚሆንዎት ስፓይደር ፕላንት ነው፣ አዲስ አበባ በየግቢው ዳር ዳሩን የሚተከለው ነጭ መስመር ያለው። ከጎረቤት ቡቃያውን ይለምኑ፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና በአንድ ስንዝር ርቀት ይትከሉት፣ መስከረም ላይ መሬቱን ይዞ ያገኙታል።