ጂፒኤሱን ተይውና ወረንጦ ግዢለት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ወንድምሽ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ ይዞ መጥቷል፤ ቅዳሜና እሑድ ስልኩን እያየ አጥር ለአጥር ሲዞር ይውላል፤ አሁን ልደቱ ደርሷል፤ «የእጅ ጂፒኤስ ልግዛለት ወይስ የሚሻል ነገር አለ? ብዙ ብር የለኝም» ነው ያልሽው። እኔም በዚሁ ነገር የተለከፍኩ ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራቸው። አንድ ሰው ክዳን ያላት ዕቃ የሆነ ቦታ ይደብቅና የቦታውን ኮኦርዲኔት (ካርታ ላይ ቦታውን የሚያመለክተውን ቁጥር) ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋታል። ካገኛት ውስጧ ያለው ወረቀት ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፍና እዚያው መልሶ ይደብቃታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 የአሜሪካ መንግሥት ሕዝብ በሚጠቀምበት ጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ ያስገባው የነበረውን ስህተት አነሳ። በቀናት ውስጥ ኦሪገን ያለ አንድ ሰው ባልዲ ደብቆ «ፈልጉ» አለ። በዚያው ቀጠለ። ዛሬ በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ የተደበቁ ዕቃዎች አሉ። ጀርመን ደግሞ ከአሜሪካ ቀጥሎ ጨዋታው የደራበት አገር ነው። ወንድምሽ ዝም ብሎ አልተለከፈም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የእጅ ጂፒኤስ አትግዢ። ጋርሚን ኢትሬክስንና መሰሎቹን ማንቋሸሼ አይደለም። በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ ዝናብ ቢመታቸውም ቢወድቁም ግድ የላቸውም። እንጦጦ ወይም መናገሻ ሱባ ጫካ ለሚውል ሰው እሺ። ለመሃል ከተማ ግን ስልኩ ይበቃዋል። ሰማዩ ገለጥ ያለ ቦታ ላይ ስልክ ወደ 5 ሜትር አካባቢ ያቀርብሻል። ችግሩ ሕንፃ ነው። ሰንጋ ተራ፣ ባንኮቹ የተደረደሩበት ጋ ቆመሽ ካየሽው፣ ሲግናሉ ከመስታወቱ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ስልኩ ላይ አቅጣጫ የምታሳየው ቀስት እንደ ሰከረ ሰው ትወላገዳለች። አሁን «ከፊትሽ 12 ሜትር» ትላለች። ሳትንቀሳቀሺ «ከኋላሽ 30» ትላለች። ውዱ ጂፒኤስም እዚያ ቦታ ላይ ተአምር አይሠራም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «አምጣልኝ» ልትዪ ካሰብሽ ደግሞ ጉምሩክን አስቀድመሽ ጠይቂ። ድሮንና ሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ አይገባም። ቢኖኩላር እንኳ ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ለልደት ስጦታ ብሎ ሰው ማንከራተት ምን ያደርጋል?

የድረ ገጹን የአባልነት ክፍያ መክፈልም አንድ አማራጭ ነው። ውጭ አገር ካርድ ያለው ዘመድ ሊከፍልልሽ ይችላል። ግን እዚህ አገር የተደበቀው ብዙ ስላልሆነ ጥቅሙ የሚታየው ወንድምሽ ሲጓዝ ነው። አንድሮይድ ከያዘ በነፃ የሚሠራም መተግበሪያ አለ፤ ሳይኖረው አይቀርም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መሃል አዲስ አበባ ላይ ቦታው ጋ መድረስ ቀላል ነው፤ ጉዱ የሚመጣው ቆመሽ ስትፈልጊ ነው። አንድ ሰው አጥር ሥር ጎንበስ ብሎ ቱቦ ውስጥ እጁን ሲከት ማን ዝም ይለዋል? ጥበቃው ያፈጣል። ሊስትሮው ብሩሹን አስቀምጦ ያያል። መንገደኛው «ምን ጠፋብህ ወንድሜ?» ብሎ አብሮሽ ይጎነበሳል። (የሰዉ ደግነት መቼም ልዩ ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ግን መከራ ነው።) ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲና ካምፕ አካባቢማ ስልክ ይዞ መንቀዋለሉ ራሱ አይመከርም። ስለዚህ ጥሩ ስጦታ ማለት ፍለጋውን የሚያሳጥርለት፣ ቶሎ ጽፎ ቶሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ነው።

ለዚህ ነው ወረንጦ ያልኩሽ። ናኖ የሚባሉ የጣት ጫፍ የሚያክሉ፣ ማግኔት ያላቸውና ብረት ላይ የሚለጠፉ ዕቃዎች አሉ። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ውስጣቸው ጥብቅ ብሎ ገብቷል። በጥፍር ሲሞክሩት የባሰ ይገባል። በኃይል ሲጎትቱት ይቀደዳል። ጫፏ ሹል የሆነች ወረንጦ ካለች ግን ጫፉን ያዝ፣ ትንሽ ዞር፣ ሳብ፤ አለቀ። መልሶ ለመጠቅለልም እሷው ናት። የቅንድብ ወረንጦ አፏ ደፍጣጣ ስለሆነ አትሆንም፤ ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙባትን ዓይነት ፈልጊ።

ሁለተኛው፣ እጀታው እየተሳበ የሚረዝም ትንሽ መስታወት ነው። መካኒኮች ሞተር ሥር የሚያዩበት ማለቴ ነው። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡበት ሱቅ ጠይቂ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጫማ የሚያስር መስሎ፣ ከወንበሩ ሥር ያለውን ሁሉ ማየት ይችላል። መንበርከክ ቀረለት። እዚያው ሱቅ ጫፉ ማግኔት የሆነ የሚሳብ ዘንግ ካገኘሽ አንሺው፤ ፍርግርግ ውስጥ የወደቀ ነገር ያወጣል።

እርሳስም ጨምሪበት። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ ክረምት ላይ ደግሞ የማይረጥብ ወረቀት የለም። ቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ባትሪ ከትልቁ የግንባር ባትሪ ትሻላለች፤ ማታ ፍለጋ እንዲወጣ አንፈልግም፣ ቀን ጨለማ ቀዳዳ ውስጥ ማየቱ ይበቃዋል። ስስ ጓንትና ሳኒታይዘር። የከተማችን አጥር ሥር ምን እንዳለ አፍንጫሽ ያውቀዋል፣ እኔ አልነግርሽም።

በፍጹም የማትገዢው ነገር የወታደር መልክ ያለው ቦርሳና ልብስ ነው። ውጭ አገር «ለጫካ ይመቻል» ብለው ይሸጡታል። እዚህ ማብራሪያው አያልቅም። የሠራተኛ አንጸባራቂ ሰደርያም እንደዚያው፤ «መታወቂያ አምጣ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነህ?» ያስከትላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለፈላጊ ነው። ወንድምሽ ግን መሃል ከተማውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ደባቂ ይሆናል። ጨዋታው ውስጥ ለእረፍት የመጣ ሰው ደብቆ እንዲሄድ አይፈቀድለትም። ደባቂው በየጊዜው እየሄደ ወረቀት የሚቀይር፣ የተሰበረ የሚጠግን መሆን አለበት። ወንድምሽ ደግሞ እዚሁ ነዋሪ ነው፤ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ከበጀቴ ግማሹን መደበቂያ ዕቃ ላይ ነበር የማውለው።

መርካቶ ፕላስቲክ የሚሸጡበት ጋ፣ በአራት በኩል ቀጭ ብሎ የሚዘጋ፣ ጎማ ያለው የምግብ ዕቃ ፈልጊ። ግልጽ የሆነውን፣ ውስጡ የሚታየውን። ከመግዛትሽ በፊት ጎማው ዙሪያውን መኖሩን በጣትሽ ዳብሺ፤ ጎማ የሌለው አንድ ክረምት አይሻገርም። የድሮ ፊልም መያዣና የመድኃኒት ብልቃጥ ውኃ ያስገባሉ። ከሁሉ የምወደው ግን ፕሪፎርም ነው። የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች በአየር ነፍተው ላስቲክ የሚያደርጉት፣ ገና ያልተነፋው ወፍራሙ ቱቦ። ክዳኑ የውኃ ላስቲክ ክዳን ነው። ጠንካራ ነው፣ ውኃ አያስገባም፣ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ካወቅሽ በእፍኝ ይሰጥሻል። ጀርመኖቹም ይጠቀሙበታል፤ ሲያየው ይስቃል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አትጣዪ፤ አንድ አንድ ጣል አድርጊባቸው።

ውጭ አገር ታዋቂው መደበቂያ የጥይት ሣጥን ነው። እዚህ እንዳታስቢው! ድልድይ ሥር አረንጓዴ የብረት ሣጥን ተገኘ ሲባል ምን እንደሚከተል አንቺም ታውቂያለሽ። በውጭም ፖሊስ ቦምብ መስሎት ያፈነዳቸው ዕቃዎች አሉ። ግልጽ ዕቃ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ላዩ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት በአማርኛ አሳትሚለት፦ «ይህ የጨዋታ ዕቃ ነው። አደገኛ ነገር የለበትም። እባክዎ ወደ ቦታው ይመልሱት።» ላሚኔት ይደረግ። እንዲህ ዓይነቱን ስጦታ ከእህት በቀር ማንም አያስብለትም።

ስለ ቦታው ደግሞ አንድ ነገር ንገሪው። መንገድ ዳር አጥር ላይ የተደበቀ ነገር ዕድሜው አጭር ነው። ወይ ቁራሌው ይወስደዋል፣ ወይ አጥሩ ራሱ ይነሳል። ፒያሳን አስቢው፤ ምን ያህሉ ግድግዳ ዛሬ አለ? ባለቤት ያለው ቦታ ይሻላል። የካፌ በረንዳ፣ የመጻሕፍት መደብር፣ የሆቴል ግቢ። ባለቤቱን ማስፈቀድ የጨዋታውም ሕግ ነው። ጥበቃው ካወቀ ደግሞ ጠላት የነበረው ዘበኛ ወዳጅ ይሆናል፤ ፈላጊ ሲመጣ ዞር ብሎ ይስቃል። መሬት መቆፈር ክልክል ነው። ሁለት ዕቃዎች ቢያንስ 161 ሜትር መራራቅ አለባቸው። ይህን እሱም ያውቃል።

ዕቃው ውስጥ ለመለዋወጫ የሚሆኑ ትንንሽ ነገሮች ይገባሉ። አንድ የወሰደ ተመጣጣኝ ሌላ ያስቀምጣል። የቻይና ፕላስቲክ መጫወቻ ከመግዛት ቸርችል ጎዳና ውረጂ። ዋናው ፖስታ ቤት ቴምብር ጠይቂ። አገራችን ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴምብር ያሳተመች ናት፤ ከሩቅ ለመጣ ፈላጊ ቴምብር ቀላልም የሚያኮራም ነው። እዚያው ጎዳና ላይ ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች የቆዳ ቁልፍ መያዣ፣ ትንንሽ ዶቃ ግዢ። የደጋ አጋዘን ያለበትን 10 ሳንቲም ቤት ውስጥ ፈልጊ፤ የሆነ መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። ቡና ማስቀመጥ እንደሚያምርሽ አውቃለሁ፤ ምግብ ነክ ነገር ግን ክልክል ነው። አይጥና ውሻ ይጠራል።

ብር ከተረፈሽና ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ፣ ትራቭል በግ (Travel Bug) የሚባለውን ያምጣልሽ። ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ታርጋ ነው። የሆነ ነገር ላይ ታስሮ አንዱ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ያገኘው ሰው ወደ ሌላ ከተማ ይወስደዋል፣ በቁጥሩ የት እንደደረሰ ድረ ገጹ ላይ ይታያል። ሁለት ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ አንዱ ይጓዛል፣ አንዱ ቅጂ ባለቤቱ ጋ ይቀራል። ያንን የቆዳ ቁልፍ መያዣ እሱ ላይ እሰሪለት። የቦሌን በር ካለፈ በኋላ ወንድምሽ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ሲከታተለው ታዪዋለሽ። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ አግኝተው ኪሳቸው የሚያስቀሩት ብዙ ናቸው። ቢጠፋ ወንድምሽ እንዳይከፋው አስቀድመሽ ንገሪው።

አሰጣጡን በተመለከተ፣ በወረቀት ጠቅልለሽ እጁ ላይ እንዳታስቀምጪው። ደብቂው! አክስታችሁ ግቢ ይሁን የምታውቂው ካፌ፣ አስፈቅደሽ አስቀምጪ። ቦታው ላይ ቆመሽ ስልክሽ የሚሰጥሽን ኮኦርዲኔት ጥቂት ጊዜ ደጋግመሽ አንብቢና መካከለኛውን ውሰጂ። ቁጥሩን በግዕዝ ቁጥር ጻፊለት። ከተማችን ሰሜን 9 ዲግሪ፣ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፱ እና ፴፰ ብሎ ይጀምራል፤ በጣም ያምራል። ከዚያ በኋላ ነው መጠንቀቅ ያለብሽ። ጨዋታው ከዲግሪው ቀጥሎ ያለውን ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ማለት ነው) ከነጥብ በኋላ እስከ ሦስት አሃዝ ነው የሚጽፈው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ በአንድ ስትለወጥ ቦታው የሚርቀው ከ2 ሜትር በታች ነው። ግዕዝ ግን ዜሮ የለውም። 45.067 ደቂቃን ፵፭ ከ፷፯ ብለሽ ብትጽፊው እሱ 45.67 ብሎ ያነበዋል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ሄዶ የሰው አጥር ሲፈትሽ ይውላል። ዜሮው የሚመጣበትን ቦታ በሰረዝ አሳዪው፣ ወይም ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ብለሽ ዜሮ የሌለበት ቁጥር ፈልጊ።

ደግሞ ልደቱ ክረምት ውስጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለማይቀር ጠዋት ላኪው። የካፌውን ጥበቃም ስሙን ነግረሽ አዘጋጂው፤ «ምን ጠፋብህ?» ብሎ እንዳይደርስበት።