ፈርሙ ያሏችሁን ወረቀት ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

እህቴ፣ በመኪና አደጋ የሞተውን ወንድምሽን ነፍስ ይማር። «ኢንሹራንሱ ፈርማችሁ ብሩን ውሰዱ አለን፤ ከወሰድን በኋላ ባለመኪናውን መክሰስ እንችላለን?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኛም እዚሁ ጅማ ደርሶብናል፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

አባቴን በ2010 አጋሮ መንገድ ላይ አይሱዙ ገጨው። ኢንሹራንሱ 40 ሺህ ብር ሲለን አጎቴ ጠረጴዛ ሊገለብጥ ደረሰ። ሠራተኛው ግን አልዋሸም፤ በአዋጅ 799/2005 ለአንድ ሟች የተቀመጠው ከ5 ሺህ ያላነሰ፣ ከ40 ሺህ ያልበለጠ ነበር። ያልነገረን ነገር ቢኖር ጣሪያው የእነሱ እንጂ የባለመኪናው አለመሆኑን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ ለካሳው ክስ በሩ አይዘጋም። ስለዚህ ቀሪውን ትጠይቃላችሁ።

እኛ የተጎዳነው በሌላ ነው። ለቅሶው ሳይወጣ ሽማግሌዎች መጡ፣ ለጉማው (በሽማግሌ ዕርቅ ለሟች ቤተሰብ ለሚከፈለው ካሳ) ተስማማን፣ «ከእንግዲህ ከማንም ምንም አንጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ እናቴ በጣቷ ፈረመች። ዕርቁን አልነቅፍም፣ ከባለመኪናው ቤተሰብ ጋር ዛሬም ሰላም ነን። ያቺ ወረቀት ግን ፍርድ ቤት ስንቀርብ መጀመሪያ የወጣች መከላከያቸው ነበረች፤ እሷን ስንከራከር ወራት አለፉ። እናንተ የኢንሹራንሱን ስትቀበሉ «በኢንሹራንሱ ድርሻ ብቻ» የሚል ካልተጻፈበት አትፈርሙ።

ሌላው፣ አንቺ እህት ስለሆንሽ በራስሽ ስም የቀለብ ካሳ (ሟቹ ይሰጥ ለነበረው መተዳደሪያ የሚከፈል) መጠየቅ አትችዪም። በቁጥር 2095 የሚጠይቁት ሚስት ወይም ባል፣ ወላጆችና ልጆች ናቸው። ሚስቱና እናታችሁ ይቅረቡ። ዳኛው ገቢውን ይጠይቃል፤ የአባቴ የቡና ንግድ ፈቃድ ስላልነበረው በጎረቤት ምስክር ነው የተረጋገጠው፣ ግምቱም አነሰብን። ደመወዝተኛ ከነበረ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አውጡ። ከሞራል ካሳ (ለሐዘኑ ከሚከፈለው) ብዙ አትጠብቁ፤ ሕጉ የ1952 ስለሆነ ጣሪያው 1 ሺህ ብር ነው። ለከፈን እንኳ አይበቃም!

ጊዜውንም ቁጠሩ፣ የካሳ ክስ በመደበኛው በ2 ዓመት ይታገዳል። የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርትና ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ኮፒ እጃችሁ ገብቷል? ካልገባ ከሁሉ በፊት እሱን አውጡ።